በመከራ ውስጥ ያለፈውን ወጣት ስለ መታገሥ



ወርቅ በእሳት ሲፈተን ይጠራል እየተባለ በመካከላችን ዘወትር ይነገራል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ ከእሳቱ ርቆ የቆመ ነው፤ በእሳቱ ውስጥ ያለው መቃጠሉን እንጂ መጥራቱን አያውቅም። ስለዚህ የበረታ መከራ የወጣትን እምነትና ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ፥ እኛም በእርሱ ፊት እንዴት መመላለስ እንደሚገባን እንመርምር።

ኤሊ ቪዘል የሚባል አይሁዳዊ ብላቴና ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ሲጌት በምትባል የሩማንያ ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ታልሙድን የሚማር፥ ጸሎትንም የሚወድ ነበረ። በ1944 ዓ.ም. ዕድሜው 15 ዓመት ሳለ፥ የናዚ ጀርመንና የሃንጋሪ ሹማምንት ከነቤተ ሰቡ በባቡር ጭነው ወደ አውሽቪትስ የሞት ሰፈር ሰደዱት። እናቱና ታናሽ እኅቱ በዚያ ተገደሉ። እርሱም ከአባቱ ጋር በራብና በዱላ መካከል በግዳጅ ሥራ ተጠመደ።

የአይሁድ ዘመን መለወጫ በዓል በደረሰ ጊዜ እስረኞቹ ተሰብስበው አምላካቸውን አመሰገኑ። ያ ጸሎተኛ ልጅ ግን ማመስገን ተሳነው፤ በልቡም የፈጣሪው ከሳሽ ሆኖ ቆመ። በ1945 ዓ.ም. በጥር ወር እስረኞቹ በበረዶ ላይ ተነድተው ቡኸንቫልድ ወደሚባል ሌላ ሰፈር ተወሰዱ። አባቱ በዚያ ታሞ ሊሞት ሲል ልጁን ጠራው፤ ልጁ ግን ዱላውን ፈርቶ አልመለሰለትም። በማግሥቱም ማልቀስ አልቻለም።

እንግዲህ ይህ ልጅ ከሃዲና ጨካኝ ሆነ እንበልን? አይደለም። ራብና ፍርሃት የሰውን ፍቅር እስከ ማፈን ይደርሳሉ። ነገር ግን ከዐሥር ዓመት ዝምታ በኋላ ያን ሌሊት ራሱ ጽፎ ለዓለም ገለጠው። ኅሊናው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ያ ጥሪ ባልወቀሰውም ነበር። እምነቱም እንዲሁ ነው፤ የሌለን ዳኛ የሚከስ ማንም የለምና። ኋላም ጥያቄውን ሳይተው በአባቶቹ ሃይማኖት ጸለየ፤ ስለ ሌሎችም ግፉዓን እየተናገረ ኖረ። በ1986 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው፤ በ2016 ዓ.ም. አረፈ።

ወንድሞች ሆይ፤ ይህ ሁሉ ግፍ የተደረገው የክርስቶስ ስም ለብዙ ዘመናት በተሰበከበት ምድር ነው። ስለዚህ የተጨነቀውን ለመገሠጽ አንቸኵል። የኢዮብን ወዳጆች አስቡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ በዝምታ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው ኀጢአቱን መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ግን በደሉት። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፥ ለእግዚአብሔር የተከራከሩ በመሰላቸው በእነዚያ ወዳጆች ላይ ነው። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ አምላኩ ስለ ምን እንደ ተወው በታላቅ ድምፅ ጠይቋል።

እንግዲህ ጦርነት ቤቱን ያፈረሰበት፥ ወይም በስደት በረሃ ወንድሙን ቀብሮ የመጣ ወጣት በቤታችሁ ቢኖር፥ ጸሎት ቢያቅተው አታስገድዱት፤ እናንተ ስለ እርሱ ጸልዩ። ቢያጕረመርም ስሙት። ቢቈጣ ወይም ዝም ቢል ጠባዩ ተበላሸ ብላችሁ አትፍረዱበት፤ እንጀራችሁን ከእርሱ ጋር ቍረሱ።

አንተም መከራን ያየህ ወጣት ሆይ፤ ጥያቄህን በእግዚአብሔር ፊት ማቅረብን አትፍራ፤ ከእርሱ ሸሽተህ ከምትዘጋው ይልቅ ወደ እርሱ ብትጮኽ ይሻልሃል። በአንተ ላይ የተደረገውን ግን በሌላው ላይ አታድርግ። የመጽናናት አምላክ ሁላችንን ያጽናን። አሜን።