ሃያ ጥያቄና አንድ መሐላ

የካናዳ የዜግነት ፈተና 20 ጥያቄ ነው። 45 ደቂቃ ይሰጣል፤ 15 የመለሰ ያልፋል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ በኦንላይን ስለሚሰጥ አዳራሽ መሄድ፣ ወረፋ መያዝ የለም። ሊንኩ በኢሜይል ይመጣል፤ በ30 ቀን ውስጥ በተመቸህ ሰዓት ትገባለህ። መጀመሪያ መታወቂያህንና ፊትህን በካሜራ ታነሳለህ፤ እየተፈተንክ ሳለም ካሜራው በየመሀሉ ፎቶ ያነሳሃል። ስትጨርስ ውጤቱ እዚያው ይነገርሃል። ብትወድቅ ሁለት ዕድል ይቀርሃል።

እኔ ካልጋሪ፣ የተከራየሁበት ቤት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ተፈትኜ አለፍኩ። የቀረኝ መሐላው ነው። ቀኑ እስኪደርስ ግን አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፦ ሰው የአንድ አገር ሰው መሆኑ በጥያቄ ሊታወቅ ይችላል? ከቻለስ የትኛውን ጥያቄ መጠየቅ ነው ፍትሐዊ የሚሆነው?

መጀመሪያ ዝግጅቱን ልንገራችሁ። ጥያቄዎቹ የሚወጡት «ዲስከቨር ካናዳ» ከምትባል አንዲት የመንግሥት መጽሐፍ ነው፤ በነፃ ከኢንተርኔት ትወርዳለች። በ1867 እ.ኤ.አ. ካናዳን የመሠረቱት ክፍለ ሀገሮች እነማን ናቸው? ኦንታሪዮ፣ ኬቤክ፣ ኖቫ ስኮሺያና ኒው ብረንዝዊክ። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር? ጆን ኤ. ማክዶናልድ። የምትኖርበት ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ? ኤድመንተን። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ መጽሐፏን ወደ ጥያቄና መልስ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁ፤ የሳትኩትን ቶሎ ቶሎ፣ ያወቅኩትን አልፎ አልፎ እያመጣ የሚጠይቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ጣቴ መልሱን መንካት ጀመረ።

ይህ ማወቅ ነው? በእኛ ሙያ ኮድ ጽፈህ ስታበቃ ቴስት ታደርገዋለህ። ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ቢበራም ኮዱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ የተጠየቀውን መልሷል ማለት ብቻ ነው። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዳይክስትራ ቴስት ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ እንደማይችል ካስገነዘበ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለካናዳ ታማኝ ልሁን አልሁን፣ ጎረቤቴ ሲቸገር ልድረስለት አልድረስለት፣ ከ20ው ጥያቄ አንዱም አልፈተሸም። ስለዚህ ብዙ የአገሬ ልጆች «ቀልድ ነው እኮ፤ እዚሁ የተወለደውን አስቀምጠህ ብትጠይቀው ይወድቃል» ሲሉ አልፈርድባቸውም።

ግን እስቲ ነገሩን ወደ ራሳችን እናዙረው። እኔ ኢትዮጵያዊ ስሆን ማን ጠየቀኝ? ማንም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ተወለድኩ፤ አለቀ። የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊ ልሁን ሲል ግን ይጠየቃል። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ፣ ቁጥር 378፣ ቢያንስ አራት ዓመት በአገሩ መኖርን፣ ከአገሪቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን፣ በቂና ሕጋዊ ገቢን፣ መልካም ጠባይን፣ በመጨረሻም የታማኝነት መሐላን ይፈልጋል። የትም አገር ቢሆን በሩ ላይ የሚፈተነው ከውጭ የሚመጣው ነው። ውስጥ የተገኘው ፈተናውን ሳይወስድ ነው ያለፈው።

አያቴ የሚያውቁት ፈተና ደግሞ ሌላ ነበር። የደርግ የመሬት አዋጅ በየካቲት 1967 እስኪወጣ ድረስ በእኛ አገር ርስት የሚገኘው ዘር ተቆጥሮ ነው። መሬት ይገባኛል የሚል ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ ከራሱ ጀምሮ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ትውልዱን ይቆጥራል። መሀል ላይ አንድ ስም ከዘለለ ወይም የሚመሰክርለት ካጣ ይረታል። እሱም በቃል የሚጠና ፈተና ነበር፤ አያቴ የአያቶቻቸውን ስም የሚወርዱት እኔ የካናዳን ክፍለ ሀገሮች ከምወርደው በላይ ፈጥነው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የእኔን ፈተና ከየትም የመጣ ሰው አጥንቶ ማለፍ ይችላል። የአያቴን ፈተና ግን ጥናት አያሻግርም። እዚያው ቀዬ ተወልዶ ያረጀው ሸማኔ፣ ማረሻ የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ፣ ምጣድና ጀበና የምትሠራው ሴት ዕድሜ ልካቸውን ቢያጠኑ ብዙ ጊዜ መልሱ አይገኝላቸውም። መልሱ ያለው ደም ውስጥ ነዋ።

ይህ ጥያቄ በ1967 ከመሬቱ ላይ ተነሣ እንጂ ከአገሩ አልጠፋም። በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ሆኖ ተመለሰ። ኬላ ላይ አውቶቡስ አስቁሞ መታወቂያ የሚያገላብጥ ሰው «ከየት ነህ?» ሲል የሚጠይቀው የዘር ቆጠራውን ጥያቄ ነው፤ የመልሱ ዋጋ ግን ከመሬት አልፎ መንገድ፣ አንዳንዴም ሕይወት ሆኗል። ይህን ጥያቄ በጉሮሮው ይዞ የተጓዘ ሰው፣ ኮምፒውተር «የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነበር?» ሲለው ቀልድ ነው ብሎ ሊስቅ አይችልም። የሚጠና ጥያቄ መጠየቅ ትልቅ ክብር ነው። አንተ ማን ነህ ሳይሆን ምን ልትማር ፈቀድክ ማለት ነውና።

እንደዚያም ሆኖ የሚጎድለው ነገር አለ። የጎደለውን የሚያሳየኝ ከአገሬ ያለ ሦስተኛ ፈተና ነው። ድጓ የተማረ ሰው ሊያስመሰክር የሚሄደው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት፣ ዙር አምባ። ተማሪው ከጎጃም ይምጣ፣ ከወሎ ይምጣ፣ ከትግራይ ይምጣ፣ በሩ አይዘጋበትም። የሚፈተነው ግን በአንድ ከሰዓት አይደለም። እዚያው ይቀመጣል፣ ይቀጽላል፣ ይታረማል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል። በመጨረሻ የኔታ ይመሰክሩለታል። ቃሉን ልብ በሉት፦ ማስመስከር። ውጤቱ ነጥብ ሳይሆን የሰው ቃል ነው፤ ዜማውን የሰሙና ሰውየውን ያዩ መምህር ቃል።

ታዲያ መንግሥት እንደ ቤተልሔም ለምን አይፈትንም? ሳስበው ደግ ሐሳብ መስሎኝ ነበር፤ ረጋ ብዬ ሳየው ግን አስፈራኝ። የኔታ አንድን ተማሪ ያውቁታል። መንግሥት በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ዜጋ የሚያደርግ ከሆነ ማንን ያውቃል? ጎረቤት ይመስክርልኝ ብትል ቂም ያለው ጎረቤት አለ፤ ቋንቋህን የማይወድ፣ መልክህን የማይወድ አለ። ልብን ልመርምር የሚል መንግሥት ደግሞ ምን እንደሚመስል እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። ስለዚህ ፈተናው ስስ መሆኑ ጉድለቱም መልካምነቱም ነው። መንግሥት ስሱን ይጠይቅ፤ ወፍራሙን ለእኔና ለህሊናዬ ይተወው። ወፍራሙ ደግሞ መሐላው ላይ ነው ያለው።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ ማለፌን ስነግራት መጀመሪያ እልል አለች። ከዚያ፦

«እና ለማን ነው የምትምለው?»

«ለንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ።»

«ኧረ ንጉሥ አላቸው?»

«አላቸው እማዬ።»

ሳቀች። «የራሳችንን አውርደን ለሰው ንጉሥ! አባባ ይህን ሳይሰሙ አረፉ።» ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኛ መሆንህስ? ሊቀር ነው?» አለችኝ።

የሕጉን መልስ አውቀዋለሁ። በዚያው በ1996ቱ አዋጅ አንቀጽ 20 መሠረት፣ በገዛ ፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ተወላጅ መታወቂያ ማውጣት እችላለሁ፤ ያለ ቪዛ እገባለሁ፣ እሠራለሁ። መምረጥና መመረጥ ግን አልችልም። ወገዳ ላይ ስለሚቆፈር ውኃና ስለሚዘጋ ትምህርት ቤት የምናገረው እንደ ዘመድ እንጂ እንደ ባለ ድምፅ አይሆንም። ይህን ለእናቴ በስልክ ማስረዳት ከበደኝ፤ «ያንቺ መሆኔማ የት ይሄዳል» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ ገባሁ። እውነት ነው፣ ግን የጠየቀችኝን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

መማል ተገቢ ነው ወይ? ጓደኞቼ «ወረቀት ነው፣ በል በለውና ውጣ» ይሉኛል። እኔ ባደግኩበት አገር መሐላ ወረቀት አይደለም። ሰው እርሻ ተከራክሮ «ማል» ከተባለ፣ እውነት ይዞ እንኳ መሬቱን ትቶ የሚመለስ አለ፤ ቃሉ ከእርሻው ይከብዳልና። ለንጉሡ እንደ ሰውነቱ ፍቅር የለኝም። ግን መሐላው ፍቅር አልጠየቀኝም፤ ታማኝነትና ሕግ ማክበር ነው የጠየቀኝ። እነዚህ ደግሞ ሰው ወስኖ ሊፈጽማቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ሰው የማይቆጣጠረውን ስሜት ማስማል ውሸት ማስተማር ይሆን ነበር።

ይበልጥ ያሰብኩበት ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሐላው ውስጥ አንድ ነገር ተጨምሯል፦ የነባር ሕዝቦችን መብትና የገቡትን ውል የሚያውቀውን ሕገ መንግሥት ጭምር እንደምታከብር ትምላለህ። ካልጋሪ ያለችበት መሬት በ1877 እ.ኤ.አ. ከሲክሲካ፣ ከካይናይ፣ ከፒካኒ፣ ከጹትኢናና ከስቶኒ ናኮዳ ሕዝቦች ጋር በተፈረመው ሰባተኛው ውል ሥር ነው። ባለ ርስቶቹ እነሱ ናቸው። እኔ ከዛሬ ሦስት ትውልድ በፊት ብመጣ፣ ዜጋ ሆኜ ስመርጥ እነሱ አይመርጡም ነበር። እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ ውል ያላቸው ነባር ሕዝቦች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ለመስጠት በአብዛኛው የነባርነት መብታቸውን መተው ነበረባቸው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን ጣል የሚል ሕግ ምን እንደሚያሳጣ አንቀጽ 20 አስተምሮኛል። እኔ ግን መርጬ ነው የምጥለው፤ እነሱ የተጠየቁት በገዛ አገራቸው ላይ ነው።

ስለዚህ እምላለሁ። 20ው ጥያቄ ስለ እኔ የማያውቀው ብዙ ነገር እንዳለ እያወቅኩ፣ ያ ያልተጠየቀው ደግሞ የእኔ ዕዳ መሆኑን ተቀብዬ። የጹትኢና ይዞታ ከካልጋሪ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ጋር ይዋሰናል፤ በመኪና ከቤቴ ሩቅ አይደለም። በጥናቴ ወቅት ፕሮግራሜ ስለ እነሱ የጠየቀኝ ሁለት ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። የቀረውን በመኖር ነው የምማረው። ካሜራው ከጠፋ በኋላ፣ ለዳኝነት ስጠራ፣ ድምፅ ስሰጥ፣ ጎረቤቴ በሬን ሲያንኳኳ፣ አብረውኝ የኖሩት ይመሰክሩልኝ ወይም ይመስክሩብኝ።