ደንቆሮ ማን ነው?

«ደንቆሮ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ሰው ይዟል፤ አንዱ ጆሮው የማይሰማ፥ ሁለተኛው ዕውቀት የሌለው። አባቶቻችን ሁለቱን ባንድ ስም የጠሩት በክፋት አይመስለኝም፤ ማንም ቆም ብሎ ስላልመረመረው ነው። እኔም ሳልመረምረው ኖርሁ። መስማት የተሳነው አንድ ወጣት ዐሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነበር። ጧት ስንገናኝ ራሴን ነቅነቅ አደርግለታለሁ፥ እርሱም ፈገግ ይላል፤ ይህንንም ወዳጅነት ብዬ እቈጥረው ነበር።

አባቱ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ተቀመጥን። የሚገባው ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል፤ ወጣቱም የከንፈሩን መላወስ አይቶ አንገቱን ይደፋል። ዕንባ ስላልወጣው አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ይኽ ደግሞ ምን ይገባዋል» አሉ፤ እኔም ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛው መጥታ ከፊቱ ተቀመጠችና በእጆቿ ተናገረችው። ምን እንዳለችው አላውቅም። እርሱ ግን መለሰላት፥ ብዙም ነገራት፥ ከዚያም በድንኳኑ ያለው ሰው እስኪደነግጥ ድረስ አለቀሰ። ከሁላችን ደንቆሮው ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ «ብዙው ሕዝብ የጥቂቶችን ቋንቋ ስለ ምን ይማራል?» ትለኝ ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሚዛኑን ተመልከት፤ ወደ እኛ ንግግር የሚያስገባው በር ጆሮ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ተዘግቷል፤ እኛ ወደ እርሱ ለመሄድ ግን ዐይንና እጅ ይበቃናል፤ ሁለቱም አሉን። መሄድ የሚችለው ተቀምጦ መምጣት የማይችለውን «ና» ቢል ምን ፍርድ ነው?

ይህን ፍርደ ገምድልነት ሊቃውንትም ሠርተውታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፥ ከእጅግ ጥቂቶች በቀር ሁሉም የሚሰሙ ሲሆኑ፥ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአፍ ንግግር እንጂ በምልክት እንዳይማሩ ወሰኑ። ተከታዩ ጉባኤ ስለዚህ ውሳኔ መጸጸቱን የገለጠው በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው፤ 130 ዓመት ካለፈ በኋላ!

ዑጋንዳ በ1995 ሕገ መንግሥቷ የምልክት ቋንቋ እንዲያድግ ጽፋለች፤ ደቡብ አፍሪካም በ2023 12ኛው ይፋዊ ቋንቋዋ አድርጋዋለች። የእኛ ሕገ መንግሥት በ5ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና አላቸው ሲል፥ በእጅ የሚነገረውን በስም አላነሣውም። ስሙ ቢጻፍ ዳኛ ፊት የቆመ ወይም ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሰው አስተርጓሚን እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ መብቱ ይጠይቃል። ለቅሶ ቤት ግን ሕግ አስተርጓሚ አይልክም፤ እዚያ የምንሄደው እኔና አንተ ነን።

ከዚያ ወዲህ ያ ወጣት የጣት ፊደል ያስተምረኛል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። እኔ ራብዑን ከኃምሱ እያምታታሁ ስሜን ስጽፍ የሌላ ሰው ስም ይወጣል፤ እርሱም ሆዱን ይዞ ይሥቃል።