ትርፍ ጊዜ የማን ነው?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሰው ለእንጀራው የሚሠራው ሥራ አለው፤ ከዚያም በቀር ማንም ሳያዘውና ማንም ሳይከፍለው የሚሠራው ሌላ ሥራ ይኖረዋል። አንዱ ጓሮውን ይኰተኵታል፤ አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ አንዱ ክራር ይመታል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብለን እንጠራዋለን። እኔ አስተማሪ ሳለሁ በቃላት መጨነቅ ልማድ ሆኖብኝ ስለ ነበር፥ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ይህ ስም ዕረፍት ነሣኝ። ትርፍ የተባለው ከምን ላይ የተረፈ ነው? ከተረፈስ የማን ገንዘብ ነው? እንዲህ ብዬ እንድጠይቅ ያደረገኝ በጎረቤቴ ቤት የሆነ ነገር ነውና እርሱኑ ልንገርህ።

የምኖረው በየካ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ጎረቤቴ ዕድሜው አርባ ያህል የሆነ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ጧት ገና ሳይነጋ ዳገቱን ወርዶ ታክሲ ለመያዝ ይሰለፋል፤ ሲመለስም መሽቶ ነው። ሰው ሁሉ በስልክ የሚጻጻፍ ስለ ሆነ ፖስታ ቤት ሥራ የፈታ ይመስለን ይሆናል። እርሱ ግን ደብዳቤው ቢያንስ ጥቅሉ በዝቷል ይለኛል። ከረጢቱ ይፈታል፤ በውስጡ ያለው ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል፤ በየአገሩና በየክፍሉ ይለያል፤ በአደራ የተላከው በመዝገብ ይገባል፤ ባለቤቱ ሲመጣ መታወቂያው ታይቶ በፊርማ ይረከባል። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በየቤቱ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቍጥር ስለ ሆነ፥ አንድ አኃዝ ያሳተ እጅ የአንዲትን እናት ደብዳቤ በማታውቀው ሰው ሣጥን ውስጥ ቀበረው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ቀኑን ሙሉ እግርን ያደክማል፤ ከእግር ይልቅ ግን ልብን ያደክማል፤ ምክንያቱም ለአንዲት ደቂቃ እንኳ በሐሳብ መሄድን አይፈቅድም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ከማዘዛቸው፥ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከመሆንዋ በፊት፥ ደብዳቤ የሚጓዘው በእግረኛ መልእክተኛ እጅ ነበር። መልእክተኛውም ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ ተራራውን ይወጣ ይወርድ ነበር። ያ ሰው መንገዱን ሁሉ አንዳች ሳያንጐራጕር ሄደ የሚለኝ ቢኖር አላምነውም።

የእኔ ጎረቤት ማንጐራጐሪያው ቤዝ ጊታር ነው። ለማታውቀው እንዲህ ነው፦ አራት ወፋፍራም አውታር አለው፤ ድምፁም ከተራው ጊታር ወፍራም ነው። አሜሪካዊው ሌዎ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ሠርቶ ለገበያ ካወጣው ወዲህ፥ የሰው ቁመት ያህል የነበረውን የቆመ ባስ በብዙ ባንዶች ተክቶታል። ዜማውን የሚያወጣው ዘፋኙ ወይም ሳክስፎኑ ነው፤ ቤዙ ከሥር ሆኖ ምቱንና ዜማውን ያስተሳስራል። እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት መዝሙር በአራት ድምፅ እንዘምር ነበርና፥ ድምፄ ሲጐረንን ከወፍራሞቹ ጋር አሰለፉኝ። የምንዘምረው ክፍል ብቻውን ሲሰማ ዜማ የማይመስል በመሆኑ ለብዙ ሳምንት አፍሬ ነበር። ስለዚህ ጎረቤቴ ከመሣሪያ ሁሉ ይህን መምረጡ ገርሞኝ ያውቃል።

የሚጫወተው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። እንዳይቀሰቅሳቸው ማጉያውን አያበራም፤ መብራትም በጠፋ ማታ ቢያበራው አይበራለትም። ያለ ማጉያ ደግሞ የቤዝ ድምፅ ከአንድ ክንድ አያልፍም። ስለዚህ ጐንበስ ብሎ አገጩን በእንጨቱ ላይ ያስደግፋል፤ ድምፁም በአጥንቱ በኩል ወደ ጆሮው ይደርሳል። አንድ ማታ በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ አየሁት፤ ጣቶቹ ይሠራሉ፥ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፥ በቤቱ ውስጥ ግን አንዳች ድምፅ አልነበረም። ትዝታን እየተለማመደ እንደ ነበር ኋላ ነገረኝ።

ባለፈው ክረምት ሚስቱ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፥ እርስዎን ይሰማል። ያን ጊታር ይሽጠው በሉልኝ፤ ለመስከረም የልጆቹን ክፍያ ይደጕማል» አለችኝ። እርስዋ እንጀራ እየጋገረች ለሱቅ ታስረክባለች፤ ሦስት ልጆች አሉአት። ነገሩ የገንዘብ መስሎኝ እሺ አልኋት።

ለባልዋ ስነግረው አልተቈጣም። ብዙ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፥ ፖስታ ቤት ደኅና ከሠራሁ ማንም አያውቀኝም፤ የምታወቀው የተሳሳትሁ ቀን ነው። ቤዝም እንደዚያው ነው፤ ሲጐድል እንጂ ሲኖር የሚያስተውለው የለም። ልዩነቱ፥ እዚህ ደኅና ስጫወት እኔ ራሴ እሰማዋለሁ።»

ይህን ንግግር እንደ ቀላል አላየሁትም። ሰው ቀኑን ሙሉ ለሌላው ሲያገለግል ውሎ የራሱ የሆነ አንዳች ነገር ከሌለው፥ አገልግሎቱ ራሱ ይመርራል። በየመስኮቱ የሚገላምጡንን ሰዎች ማታ ምን እንደሚሠሩ ብንጠይቃቸው መልሱ የሚያሳዝን ይመስለኛል። አስተማሪዎችም አሉ፤ ምሽታቸው ባዶ ስለ ሆነ ጧት አርጩሜ ይዘው የሚመጡ። ከእነርሱ አንዱ ለጥቂት ዓመታት እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ጊታሩን ሽጥ ማለት አቃተኝና ወደ ሚስቱ ተመለስሁ።

አስተማሪ ሁልጊዜ ምሳሌ አያጣም። ለእርስዋም የእንግሊዙን ደራሲ የአንቶኒ ትሮሎፕን ታሪክ አጫወትኋት። ትሮሎፕ እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1867 የፖስታ ሠራተኛ ነበር፤ በጄርሲ ደሴት በ1852 በየመንገዱ የደብዳቤ መጣያ ሣጥን እንዲተከል ያደረገ እርሱ ነው። ያም ሆኖ በሕይወቱ 47 ልብ ወለድ ጽፏል። ሥራ ከመሄዱ በፊት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀርብና ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ነበር። «እንግዲህ ልጄ፥ ትጉህ ሰው ለሁሉም ጊዜ ያገኛል» ብዬ ጨረስሁ።

እርስዋም እጅዋን በነጠላዋ እየጠረገች፦ «ማን ይቀሰቅሰው ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ትሮሎፕ ስለ ራሱ የጻፈውንና ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 የታተመውን መጽሐፍ ከመደርደሪያዬ አወረድሁ። መልሱ እዚያው ነበር፤ ብዙ ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ። የሚቀሰቅሰውና ቡና የሚያመጣለት አንድ አሮጌ አሽከር ነበረው፤ ለዚህም በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለታል። ትሮሎፕ ሐቀኛ ሰው ነውና፥ ላገኘሁት ውጤት ከማንም ይልቅ የዚህ ሰው ባለ ዕዳ ነኝ ብሎ ጽፏል። ስለ ደራሲው ትጋት ለተማሪዎቼ ለሠላሳ ዓመት ሳስተምር፥ ከእርሱ ቀድሞ በጨለማ ተነሥቶ ቡናውን ስላፈላው ሰው አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። የዚያ አሽከር ትርፍ ጊዜ ወዴት ሄደ?

የእኛው ሰው የኃይሉ መርጊያ ነገር ከዚህ ይለያል። እኒህ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ እዚያው ቀርተው፥ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት የታክሲ ነጂ ሆኑ። በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራቸውን ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ሻንጣ ማስቀመጫ አውጥተው ከኋላ ወንበር ይለማመዱ ነበር። በ1985 የቀዱት ካሴት በ2013 እንደ ገና ሲታተም ዓለም እንደ አዲስ አወቃቸው፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጡ። ዝናውን ተወው፤ ጎረቤቴ ዝና አያገኝም፥ አይፈልግምም። እኔን የያዘኝ ያ ሰዓት ከወዴት እንደ መጣ ነው። በታክሲ ሰልፍ ውስጥ የባከነ ሰዓት ነበር፤ ከማንም አልተወሰደም።

የጎረቤቴ የማታ ሰዓት ግን እንደዚያ አይደለም። እርሱ ጊታሩን ሲያነሣ ድስቱ አልታጠበም፤ የነገው ሊጥ አልተቦካም፤ የትንሹ ልጅ ዩኒፎርም አልደረቀም። እርሱ ጐንበስ ብሎ የሚሰማው ድምፅ፥ እርስዋ ቀጥ ብላ በምትሠራው ሥራ ላይ የቆመ ነው። ከቤታችን በላይ ካለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ከልጅነቴ ጀምሮ አያቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም «ትርፍ ጊዜሽን በምን ታሳልፊያለሽ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ጥያቄው ራሱ ስድብ ይመስላል። ለእኛ ለወንዶቹ ግን በመጠይቅ ወረቀት ላይ ሳይቀር መስመር ተሰጥቶት እንሞላዋለን።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርሁት፤ የትሮሎፕን አሽከር ሳይቀር። ጊታሩን እንዲሸጥ አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት፥ አንተ ራስህን የምትሰማበት ሰዓት ካለህ እርስዋስ መቼ ነው የምትሰማው ብዬ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሲያገባት ጥልፍ ታውቅ እንደ ነበር፥ ክሩና መርፌው በሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነገረኝ። ከተጋቡ ወዲህ አንድም ቀን ሲወጣ አላየውም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለራሳቸው ተነጋገሩ፤ እኔ አልነበርሁም፥ መኖርም አይገባኝም ነበር። የሰማሁት ይህን ነው፦ ጊታሩ አልተሸጠም። ማክሰኞና ዐርብ ማታ የእርሱ ሆነ፤ በሌሎቹ ማታዎች ሊጡን የሚያቦካው እርሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆቹም ወጡም በእርሱ እጅ ሆነው ሰዓቱ የእርስዋ ሆነ። የመስከረሙ ክፍያ ግን አልተሟላም፤ ከዕቁብ ተበድረው ከፈሉ፥ ዕዳውም እስከ ጥር ድረስ አስጨነቃቸው። ሁሉ ነገር በምክር ይቃናል ብለህ እንዳታስብ ነው ይህን የምነግርህ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በዚያ በኩል አለፍሁ። የሽሮ እርር ያለ ሽታ እስከ አጥሩ ድረስ ይመጣል፤ ትንሹ ልጅ በደጃፉ ላይ ያለቅሳል፤ አባትየው ማማሰያ ይዞ ከወጥ ቤት ብቅ አለና ሰላምታ ሰጠኝ። ጥልፉ ወጥቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ጓጕቼ ስለ ሚስቱ ጠየቅሁት።

ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ «ቀስ ይበሉ ጋሼ፥ ተኝታለች» አለኝ።