ኳሷ የማትነካቸው ስድስቱ

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ የቦውሊንግ ቤት ሁለት ያገራችን ሰዎች ይሠሩ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ከመጫወቻው ጀርባ ከማሽኖቹ ጋር ይውላሉ። ሌላው በዲቪ የመጣ ወጣት ነው፤ ጫማ ያከራያል።

ወጣቱ አዲስ አበባ ሳለ ከረባት አስሮ ባንክ የሚገባ ሰው ነበር። አሁን ሥራው ቁጥሩ ተረከዙ ላይ የተጻፈበትን የቤቱን ጫማ ማደል ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ደግሞ ሙቀቱ ገና ያልወጣለትን ጫማ ተቀብሎ፣ ማሰሪያውን አላልቶ፣ ውስጡን መድኃኒት ረጭቶ መደርደሪያው ላይ ይመልሳል። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ነበር የሚይዘው፣ የሞተ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው። ለእናቱ በስልክ የነገራቸው «ስፖርት ድርጅት ውስጥ ነኝ» ብሎ ነው። መቼም ውሸት አይባልም። እናቱ ለጎረቤት ሲያወሩ ድርጅቱን ትንሽ ከፍ አደረጉት፤ ጎረቤት ለዕድሩ ሲያወራ ልጁን ሥራ አስኪያጅ አደረገው።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ቤቱ በልደት ልጆች ተሞልቶ፣ አዲስ አበባ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሰውዬ ከዘመዶቻቸው ጋር ከተፍ አሉ። ወጣቱ በሩቁ አያቸው። «አንዴ ቦታዬን ያዝልኝ» ብሎ ለባልደረባው ተወና በጓሮ በር ወደ ማሽኖቹ ሾለከ።

ከኋላ ሌላ ዓለም ነው። ኳስ እየተንደረደረ መጥቶ ይላተማል፣ በየመስመሩ ጫፍ ለኳሱ ዒላማ የቆሙት 10 ፒኖች ይንኳኳሉ፣ ማሽኑ ይለቅማቸዋል፣ መልሶ ያቆማቸዋል። የ9ኛው መስመር ማሽን ቆሞ ከፊት ሰዉ ይጮኻል። ሽማግሌው አልተጣደፉም። መጀመሪያ ኃይሉን አጠፉ፣ ቀጥለው እጃቸውን ሰደዱና የተሰነቀረውን ፒን መዝዘው አወጡ። (ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ጣቱን ለማሽኑ ይሰጣል።)

«ከማን ነው የምትሸሸው?» አሉት።

«አለቃዬ የነበሩ ሰው መጥተው ነው ጋሼ። እንዲህ ሆኜ ካዩኝ አገር ምን ይለኛል?»

ሽማግሌው ፒኑን እጁ ላይ አስቀመጡለት። አንድ ተኩል ኪሎ ያህል ይከብዳል።

«10ሩም በአንዴ ሲወድቁ ኳሷ ስንቱን የምትነካ ይመስልሃል?»

«ሁሉንም ነዋ።»

«ከቀኝ ተወርውራ በደንብ የገባች ኳስ 4 ብቻ ነው የምትነካው፤ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውንና 9ኛውን። የቀሩትን 6 የሚጥሏቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። 1ኛው 2ኛውን ይገፋል፣ 2ኛው 4ኛውን፣ 4ኛው 7ኛውን። 7ኛው ጥግ ላይ ነው የቆመው፤ ኳሷ በደጁም አላለፈች።» ማሽኑን አስነሱና ፊታቸውን መለሱ። ሽማግሌው ከዚህ በላይ አያወሩም፤ እዚያ ጫጫታ ውስጥ ማውራትም ያደክማል።

ወጣቱ ትንሽ ቆሞ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሌሊቱ ሲጋመስ እንግዶቹ ጫማ መመለስ ጀመሩ። የቀድሞው አለቃ የቤቱን 10 ቁጥር ጫማ ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ዘመዶቻቸው ወደ መኪናው እስኪወጡ ማሰሪያቸውን ሲፈቱና ሲያስሩ ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ ያ የኛው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ ጋሼ።»

ሰውዬው ግራ ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ቤት ሰው ይቀጥራሉ? ከመጣሁ 5 ወሬ ነው፣ የእህቴ ሳሎን ውስጥ ነው የምተኛው። ብቻ አደራህን፣ አገር ቤት እንዳይሰማ።»

ወጣቱ ጫማውን በሙሉ እጁ አነሳው። ውስጡን ረጨና ቦታው ላይ አኖረው።

«ይቀጥራሉ። ሰኞ ይምጡ፤ እኔው አስገባዎታለሁ። የጫማውን ሥራም አሳይዎታለሁ፣ ከባድ አይደለም።»

ያን ሌሊት አዲስ አበባ ነግቶ ነበር። ለእናቱ ደወለና ጫማ እንደሚያከራይ፣ የሰው ጫማ ተቀብሎ መድኃኒት እንደሚረጭ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። እናቱ ዝም አሉ። ከዚያ «ለመሆኑ ራት በልተሃል?» አሉት።

ሰውዬው ሰኞ መጡ፣ ተቀጠሩም። ዕድሩ ውስጥ ግን ልጁ እስከ ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ነው።