ሌሊት የሚነሳ ረሃብ

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።



የዛሬው ጉዳያችን ሆድ ነው። በተለይም ከቤተሰቡ ርቆ በዩኒቨርሲቲ ዶርም የሚኖረው ወጣት ሆድ። የካፌው እራት የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ተማሪው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ እስከ ሌሊቱ 5 እና 6 ሰዓት ሲያነብ የበላት ሽሮ ካለፈች ቆይታለች። ያኔ ፓስቲው፣ እንቁላል በዳቦው፣ ብስኩቱና ለስላሳው ትዝ ይለዋል።

ርቦት የበላን ሰው ማንም አይወቅሰውም። ኢስላም ሰውነትን በረሃብ መቅጣትን አላስተማረንም። አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ቀን እየጾሙ ሌሊቱን በሰላት ለማሳለፍ ሲነሱ፣ ሰልማን አል ፋሪሲ (ረ.ዐ) አብረዋቸው እንዲበሉና እንዲተኙ አደረጓቸው፤ ሰውነትም ሐቅ እንዳለው አስታወሷቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ቃል እውነት ብለው ማጽደቃቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ይሁንና የሰልማን ምክር ለሆድ ብቻ አልነበረም፤ ለእንቅልፍም ነበር። እኛ ግን ሆድን እየሰማን እንቅልፍን ዘነጋን።

ሁለቱ ደግሞ የተሳሰሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በአንድ ወቅት ለሁለት ሌሊት 4፣ 4 ሰዓት ብቻ፣ በሌላ ወቅት ደግሞ 10፣ 10 ሰዓት በአልጋ እንዲቆዩ አድርገው አነጻጸሯቸው። እንቅልፍ ባጡ ጊዜ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በ28 በመቶ ጨምሮ፣ የጥጋብን መልእክት የሚያደርሰው በ18 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይበልጥ ያማራቸውም ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ከዱቄት የተሠራ ምግብ ነበር። ስለዚህ ሌሊት የሚጣራው ሁሉ ረሃብ አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ጩኸትም አለበት። ጫት የሚቅመውማ ሁለት ጊዜ ይከስራል። ከሰዓት በኋላ ምግቡን ዘግቶበት ይቆይና ምርቃናው ሲወርድ ያለ ሰዓቱ ያስርበዋል፤ እንቅልፉንም ነስቶታል።

መዘዙ የሚታየው ንጋት ላይ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሆዱን ሞልቶ የተኛ ወጣት 11 ሰዓት ላይ የሱብሒ አዛን እንዴት ይሰማል? ለፈተና ሲባል የተጀመረው ንቃት ፈርድን ካስመለጠ ትርፉ የቱ ላይ ነው?

ሌላም አለ። በአንድ ክፍል ከሚኖሩት መካከል ከቤቱ ሳንቲም የማይላክለት አይጠፋም። የጓደኛው እንቁላል ሲሸት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የተኛ ይመስላል። አልተኛም፤ ጠይቁኝ እንዳይመስልበት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) ሾርባ ሲሠሩ ውሃውን አብዝተው ለጎረቤት እንዲያካፍሉ መክረዋል። ጎረቤቱ ግድግዳ ለሚለየው ሰው ይህ ከተባለ፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ ለሚጋራው ምን ሊባል ነው? ወንድሜ ሆይ፣ ዳቦህን ስትቆርስ በቅድሚያ እሱን ጥራው። «በልቻለሁ» ቢልህ ደግመህ ጥራው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከዒሻእ በኋላ ብዙ ሳያመሹ ተኝቶ ለሱብሒ መነሳትና ጥናቱን ወደ ንጋት መግፋት ይቻላል። ከቤት የመጣ ቆሎና ጥቂት ተምር ሌሊቱን ያሻግራል። ሌሊት መብላት የሚሻ ደግሞ የእኛ ዲን የሌሊት ምግብ እንዳለው አይርሳ፤ እሱም ሱሑር ነው። ሰኞና ሐሙስን ለመጾም ነይቶ፣ የክፍሉን ልጆች ቀስቅሶ፣ አብሮ ቢመገብ ያው ዳቦ በረካ ይሆንለታል፤ ሱብሒም በጀመዓ ይገኝለታል።

አላህ ከማይጠግብ ነፍስ ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።