የኀፍረት ዓምድ

ባለዕዳው ኀያል፣ አበዳሪው ደካማ በሆነ ጊዜ ዕዳው ወዴት ይሄዳል? ዳኛ ፈርዶ ካላስከፈለ፣ ሽማግሌም ገብቶ ካላስታረቀ፣ የተበደለ ሰው ከዝምታና ከበቀል በቀር ሌላ መንገድ ይኖረዋልን? በአላስካ ደቡብ ምሥራቅ የባሕር ጠረፍ የሚኖረው የትሊንጊት ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ ከቆየ ዘመን ጀምሮ የሰጠው መልስ ከዛፍ ግንድ የተፈለፈለ ነው። በዘመናችን በምድርና በአየር ንብረት ላይ ስለሚፈጸመው በደል ስንከራከር ይህ መልስ የሚጠቅመን መስሎ ስለታየን በዚህ እትም ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በዚያ ጠረፍ የሚቆሙትን ረጃጅም የተቀረጹ ግንዶች በሥዕል ያየ ሰው ጣዖታት ይመስሉታል፤ ከቀድሞ ሚስዮናውያንም ብዙዎቹ እንዲሁ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ግንዶቹ የሚሰገድላቸው አይደሉም። የሚናገሩት የአንድን ወገን የትውልድ ሐረግ፣ የአንድን ቤት ማዕርግ፣ የሞተን ሰው መታሰቢያ ነው። በእኛ ዘንድ መዝገብና ማኅተም የሚሠሩትን ሥራ በእነርሱ ዘንድ እንጨቱ ይሠራዋል ብንል ከእውነት አንርቅም። ከእነዚህም መካከል አንዱ ዓይነት የኀፍረት ዓምድ ነው፤ ይኸውም ዕዳውን ያልከፈለ ወይም ቃሉን ያጠፈ ታላቅ ሰው ምስሉ ተቀርጾ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ስፍራ የሚቆምበት ነው። በልማዱ መሠረት ዕዳው ሲከፈል ዓምዱ ይወርዳል።

በዚህ ዓይነት ዓምድ ከተቀረጹት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሲዋርድ ነው። ሲዋርድ በ1867 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አላስካ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ከሩስያ እንድትገዛ ያደረገ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ገንዘቡ ለሩስያ እንጂ ለምድሪቱ ባለቤቶች እንዳልተከፈለ ልብ ይሏል። ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ1869 አገሩን ሊጎበኝ በሄደ ጊዜ ኤቢትስ የተባለው የትሊንጊት አለቃ ታላቅ ግብር አግብቶ ስጦታ ሰጠው። በዚያ አገር ሥርዓት ስጦታ የተቀበለ ሰው በተራው ደግሶ መመለስ ይገባዋል። ሲዋርድ ግን ተቀብሎ ሄደ፤ አልመለሰም። ከዓመታት በኋላ ጆሮውና አፍንጫው በቀይ ቀለም ተቀብተው በግንድ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። መጋቢት 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዲዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአላስካ ፕሪንስ ዊልያም ወሽመጥ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ከ40 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ ዘይት በባሕሩ ላይ ፈሰሰ። ወፎች፣ ዓሦችና የባሕር እንስሳት አለቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ተመናመነ፤ ምክንያቱ ዘይቱ ብቻ ስለ መሆኑ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። ኮርዶቫ የተባለችው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ግን ኑሮዋ መናጋቱ አላከራከረም። የኩባንያው ተወካይ በአደጋው ሰሞን የጎደላችሁን እንሞላለን ብሎ ለነዋሪዎቹ ቃል ገብቶ ነበር። በ1994 የፍርድ ሸንጎ ኩባንያው 5 ቢሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ እንዲከፍል ወሰነ፤ ኩባንያው ይግባኝ አለ፤ ነገሩም ከችሎት ወደ ችሎት ሲንከባለል ብዙ ባለጉዳዮች ፍጻሜውን ሳያዩ ሞቱ። በ2008 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሳውን ወደ 507.5 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ አደረገው። ኩባንያው በበኩሉ ለጽዳት ብቻ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዳወጣ ይናገራል፤ ይህም ሊዘነጋ አይገባም።

የመጨረሻው ፍርድ ሊሰጥ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ2007፣ ማይክ ዌበር የተባለ የኮርዶቫ ዓሣ አጥማጅና ቀራጺ የኀፍረት ዓምድ ሠራ። በዓምዱ ላይ ቁስል የወጣባቸው ሄሪንጎች አሉ። የኩባንያው የቀድሞ አለቃ የሊ ሬይመንድ ፊት ደግሞ ተዘቅዝቆ ተቀርጿል፤ አፍንጫው እንደ ሐሰተኛ ሰው አፍንጫ ረዝሟል፤ ከአፉም ዘይት ይፈስሳል፤ ያ የተስፋ ቃል በዘይቱ ላይ ተጽፎበታል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ፍትሕ ነውን? ክርስቲያን አንባቢ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን ማስታወሱ አይቀርም። የበደለህን ወንድም መጀመሪያ ለብቻው ምከረው፤ ካልሰማ ምስክሮች ይዘህ ሂድ፤ ጉባኤ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የወንድምን ክብር ይጠብቃል። የአጥፊውን ስም ሳይመክሩ ማራከስ ራሱ ኀጢአት መሆኑን የሥነ ምግባር መምህራን ሁሉ ያስተምራሉ። የኮርዶቫ ሰዎች ግን በቃል ጠይቀዋል፤ በፍርድ ቤትም ለዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ተከራክረዋል። ዓምዱ የመጣው በጉባኤው ተራ ነው። የተጻፈበትም ኩባንያው ራሱ የተናገረው ቃል ስለሆነ ሐሜት ሊባል አይችልም።

የአንድን ሰው ፊት መቅረጽ ግን ይከብዳል። መርከቢቱን ያጋጨው ሬይመንድ አይደለም፤ በአደጋው ጊዜም የኩባንያው የበላይ ኀላፊ ሌላ ሰው ነበር፤ እርሱ የበላይ የሆነው ይግባኙ በተጓተተባቸው ዓመታት ነው። ይህ ፊት የሁሉን በደል መሸከሙ ትክክል ነው ለማለት እንቸገራለን። ሆኖም ኩባንያ ፊት የለውም፤ ፊት የሌለውም አያፍርም። በቢሮዎችና በባለአክሲዮኖች መካከል የጠፋውን ኀላፊነት ቀራጺው ወደ አንድ ሰው መለሰው፤ አለቃ መሆን ማለትም በሌሎች ስም መጠየቅ ነውና ነገሩ መሠረት የለውም አይባልም።

ልማዱንም ከመጠን በላይ ማመስገን አይገባም። በራንግል ከተማ ሦስት እንቁራሪቶች የተቀረጹበት የታወቀ የኀፍረት ዓምድ አለ፤ የቆመው ስለ ሦስት ባሮች ቀለብ ዕዳ ነው ይባላል። ከሣሹም ተከሣሹም ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ ባሮቹን የጠየቃቸው አልነበረም። መሣሪያው ለባለጠጋም ያገለግላል ማለት ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ በዓምዱ ውስጥ አንድ ትልቅ ማስተዋል እናያለን። በአገራችን የቀድሞ ሥርዓት አበዳሪና ባለዕዳ አንድ ላይ ተቆራኝተው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይውሉ አብረው ያድሩ ነበር፤ ቁራኛ የሚለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው። የኀፍረት ዓምድም ባለዕዳውን ካለበት ሩቅ አገር አምጥቶ ከተበደለው መንደር ጋር ያቆራኘዋል። እንዲጠፋ አይመኝለትም፤ እንዲከፍል ይጠራዋል። የሚወርድበት ቀን ተነግሮት የሚቆም ዓምድ ከበቀል የሚለየው በዚህ ነው። ተበዳዩም አስቀድሞ ግዴታ ገብቷል፤ ክፍያውን ከተቀበለ በገዛ እጁ ማውረድ አለበት።

ይህ ለአየር ንብረት ክርክር ምን ይጠቅማል? በዚያው በአላስካ፣ በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ 400 ያህል የኢኑፒያት ሰዎች የሚኖሩባት ኪቫሊና የተባለች መንደር አለች። ቀድሞ በበልግ ማዕበል ጊዜ ዳርቻዋን የሚጠብቅላት የባሕር በረዶ አሁን ዘግይቶ ስለሚመጣ ባሕሩ መሬቷን ይበላዋል። እነዚህ ሰዎች ዛፍ በማይበቅልበት አገር ስለሚኖሩ ዓምድ የማቆም ልማድ የላቸውም፤ ወደ ሕግ ሄዱ። በ2008 ኤክሶን ሞቢልን ጨምሮ ከ20 በላይ የኀይል ኩባንያዎችን ከሰሱ። ክሱ በ2009 ውድቅ ሆነ፤ ይግባኙም በ2012 ተቀባይነት አጣ፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። የመጀመሪያው ዳኛ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ጉዳቱን ከእነዚህ ተከሳሾች ጭስ ጋር ለይቶ ማያያዝ አይቻልም የሚል ነበር። ጭሱ የሁሉ ነውና፤ የዓሣ አጥማጁ ጀልባም በናፍጣ ነው የምትሄደው።

ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ዕዳ በብዙዎች መካከል ስለተከፋፈለ ዕዳነቱ አይቀርም፤ ብዙ የወሰደ ብዙ ይጠየቃል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው በሰሜንና በደቡብ አገሮች መካከል ስላለው የሥነ ምህዳር ዕዳ ሲጽፉ ዕዳ የሚለውን ቃል የመረጡት በከንቱ አይመስለንም። ርዳታ ቢባል ኖሮ ሰጪው የሚመሰገንበት፣ ሲፈልግም የሚተወው ነገር ይሆን ነበር።

የሲዋርድ ዓምድ ዛሬ ሳክስማን በተባለች መንደር ይገኛል። በዚያ ዝናባማ አገር እንጨት ለዘላለም አይቆምም፤ የመጀመሪያው ዓምድ አርጅቶ ቅጂ ተሠራለት፤ ቅጂውም በተራው በሰበሰ። የኤቢትስ ወገኖች ነገሩን ከእንጨቱ ጋር እንዲበሰብስ መተው ይችሉ ነበር። በ2017 አዲስ ግንድ አስቀርጸው፣ ሲዋርድን ከነቀይ ጆሮው መልሰው አቆሙት።