የማይሸሽ ፍጥረት

ተክል አይሸሽም። ዝናቡም፣ ከብቱም፣ በዓይን የማይታየው ባክቴሪያም የሚመጣበት በቆመበት ነው። እኛ ወራሪ በገባበት ሁሉ የሚደርሱ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉን፤ ተክል ግን ደም የለው፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ጠባቂ የለው። እያንዳንዱ ሕዋስ ለራሱ ዘብ ይቆማል።

በሕዋሱ ሽፋን ላይ አንድ ጫፋቸው ወደ ውጭ፣ ሌላው ጫፋቸው ወደ ውስጥ የሆነ ፕሮቲኖች አሉ፤ ተቀባይ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ በቶማስ ቦለር ቤተ ሙከራ አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ አንዱ ታወቀ፤ ኤፍኤልኤስ2 ይሉታል። የሚያውቀው ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጅራት ነው፤ ያውም ሙሉውን ሳይሆን 22 አሚኖ አሲድ ያላትን አንዲት ቁራጭ። ቁራጯ ስትነካው ባክ1 የሚባል ሌላ ተቀባይ መጥቶ ይጣመረዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፤ ባክቴሪያን የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶች ይመነጫሉ፤ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎችም ይከደናሉ። ቆሞ ለሚያይ ሰው ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው።

እኔን የሚገርመኝ ምርጫው ነው። ባክቴሪያው ጅራቱን ልጣለው ቢል አይዋኝም፤ ካልዋኘም ከቀዳዳው መድረስ ይቸግረዋል። ተክሉ የያዘው ጠላቱ በቀላሉ የማይተወውን ነገር ነው። እርግጥ ያቺን ቁራጭ ለዋውጠው ሳይታወቁ የሚያልፉም አሉ።

ተቀባይ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው መሻገር መቻሉም ያስደንቃል። ኤክስኤ21 የተባለው ተቀባይ የመጣው ከማሊ የዱር ሩዝ ነው፤ ጂኑ እ.ኤ.አ. በ1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፓሜላ ሮናልድ ቡድን ተለየ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ ይኸው ጂን የገባለት ሙዝ የአጠውልግ በሽታን እንደተቋቋመ አሳየ። የሙዙ ጠላት የሆነው ባክቴሪያ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ የተመዘገበው ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ ተገኝቶ ነው።

ለዚህ ባክቴሪያ ደግሞ የቅጠል ቀዳዳ ግድ አይደለም። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ በቀጥታ ከጤነኛው ቁስል ውስጥ ያስገባዋል። እንሰት ያላችሁ፣ ቢላዋችሁን በእሳት ሳትለበልቡ ወደሚቀጥለው ተክል አትለፉ።